ከሥራ ስወጣ ውስጤ ባዶ ነው፤ ለቤቴ የሚተርፍ ጉልበት ከየት ላምጣ?

የማራኪ_ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት። ሥራዬን አልጠላውም። ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ነው። ሲስተም ሲቆም ሰው የሚቆጣው ፊቱ ያለችውን ነው። ከገጠር ብዙ ተጉዘው መጥተው ብራቸውን ሳያወጡ የሚመለሱ እናቶች አሉ። እነሱ ሳይቆጡኝ ነው የሚያሙኝ። ሁሉንም ፈገግ ብዬ አስተናግዳለሁ። «ይቅርታ እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱ» ስል ነው የምውለው።

ማታ ከፒያሳ ባጃጅ ይዤ ቤት ስደርስ ልጄ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሁለተኛ ክፍል ናት። ማን እንደገፈተራት፣ መምህሯ ምን እንዳለች፣ የማን እርሳስ እንደጠፋ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ትነግረኛለች። እሰማታለሁ። ግን ቃል አይወጣኝም። «እሺ የኔ ቆንጆ» እላለሁ፣ አለቀ። ከዛ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን አነሳለሁ። እሷ ተኝታ እኔ ገና ስልክ ላይ ነኝ። እንቅልፍም እምቢ ይለኛል። ጠዋት ሳልጠግብ እነሳለሁ።

ያመመኝ ነገር የለም። የተጣላሁትም ሰው የለም። «እረፍት ውሰጂ» እንዳትሉኝ፤ የዓመት ፈቃድ ወጥቼም እንደዛው ነበርኩ። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ? የምር መልስ ነው የምፈልገው።

ጎሃ_ሥር

እህቴ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። የጻፍሽውን ሳነብ ስለ እኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ክፍል ሙሉ ልጅ ሲያስተምሩ ውሎ ቤት ሲገቡ የራስ ልጅ ድምፅ ይከብዳል። ይሄን ደፍሮ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኔ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ጉልበት የሚጠራቀመው ካለቀ በኋላ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ጀሪካኑን የምንሞላው ውሃው በመጣበት ቀን ነው አይደል? ለእኔ ውሃው የሚመጣበት ሰዓት ማለዳ ነው። ልጆቹ ሳይነሱ በረንዳ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ስልክ አልይዝም። ከዛ በኋላ የሚመጣውን ረብሻ እችለዋለሁ። ያንን ሰዓት ካጣሁ ግን ገና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አልቄያለሁ።

ሌላውን ባለሙያ ይንገረን። እከታተላለሁ።

ሲስተር_አራዳ

የማራኪ ልጅ፣ እንደምን አመሸሽ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። እዚህ ሆኜ ምርመራ ማድረግ አልችልም። ግን ከጻፍሽው ውስጥ አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። ባዶ ነኝ ትያለሽ፣ እንቅልፍ ደግሞ እምቢ ይልሻል። ጉልበቱ ሙልጭ ብሎ ያለቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። አንቺ የደከምሽ ብቻ ሳትሆኚ ገና ያልበረድሽ ትመስይኛለሽ።

ጄምስ ራስል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1980 እ.ኤ.አ. ስሜትን በሁለት ጥያቄ ማየት እንደሚቻል አሳይቷል። አንደኛው፦ ስሜቱ ደስ ይላል ወይስ ይከብዳል? ሁለተኛው፦ ሰውነቴ ነቅቷል ወይስ ቀዝቅዟል? ሁለቱን ስታገናኚ አራት ቦታ ይወጣል። ደስታና ጉጉት ደስ ይላሉ፣ የነቁም ናቸው። እርጋታ ደስ ይላል፣ ግን ዝግ ያለ ነው። ንዴትና ጭንቀት ይከብዳሉ፣ ሰውነትን ግን ያነቃሉ። ድብርት ደግሞ ይከብዳል፣ ያቀዘቅዛልም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጭንቀትም ድብርትም ሲይዘን «ደከመኝ» ብለን እናልፋለን። መላቸው ግን ለየቅል ነው። የነቃ ሰውነት መጀመሪያ መንቀሳቀስ፣ ከዛ መርጋት ይፈልጋል። የቀዘቀዘ ሰውነት ብርሃን፣ ሰውና ትንሽ ሥራ ነው የሚያስፈልገው። የነቃውን ሶፋ ላይ ብታስተኚው አይበርድም። የቀዘቀዘውን «ተኛ፣ እረፍ» ብትይው ይብስበታል። ስለዚህ ቤት ከመግባትሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ፦ አሁን የቱ ጋ ነኝ? ልቤ ይመታል? መንጋጋዬ ተነክሷል? ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቷል? ከሆነ ያልበረድሽ ነሽ።

እንዴት እዛ እንደደረስሽም መገመት አይከብድም። በ1983 እ.ኤ.አ. አንዲት አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ለደሞዝ ተብሎ ፈገግታ ማሳየት ራሱ ሥራ መሆኑን ጽፋለች። ያልተሰማሽን ስሜት ፊትሽ ላይ ማምጣት፣ የተሰማሽን ደግሞ መዋጥ ጉልበት ይበላል። አንቺ ይሄን ከጠዋት እስከ ማታ ነው የምትሠሪው። ደሞዝ ወረቀትሽ ላይ አይጻፍም እንጂ ሥራ ነው።

ምን ታድርጊ? ባጃጁን ወዲያው አትያዢ። ከግንቡ አጥር ሥር ሥሩን እስከ ጃንተከል ድረስ በእግርሽ ሂጂ። ፈጠን በይ፣ ትንሽ ይሙቅሽ። ከዛ ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጪ በአፍንጫሽ አራት እስክትቆጥሪ አስገቢ፣ ስድስት እስክትቆጥሪ ቀስ ብለሽ አውጪ። እንዲህ ሲሆን በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ገደማ ይመጣል። ወደ ውጭ ስንተነፍስ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ ይሄን የሚሠራው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ማውጫው ረዘም ማለቱ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ደግሞ የዋለብሽን በስሙ ጥሪው። «አናደደኝ»፣ «አሳዘነችኝ»፣ «አፈርኩ»። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት፣ ሰዎች ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ማንቂያ ክፍል ሥራው ቀነስ ብሎ ታይቷል። ለማንም መናገር የለብሽም። ለራስሽ ይበቃል።

አዘዞ_ፒያሳ

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ሲስተር ያሉትን ማንም ሳይነግረኝ በራሴ መንገድ አደርገዋለሁ።

ማታ ቤቴ አጠገብ ስደርስ በቀጥታ አልገባም። ሞተሩን አጥፍቼ የቀኑን ሂሳብ እዛው ወንበሬ ላይ እቆጥራለሁ። ለባጃጁ ባለቤት ገቢ ለብቻ፣ ለነዳጅ ለብቻ፣ የተረፈው ለቤት። ሂሳብ ይዤ ቤት አልገባም። ከወንበሩ ሥር ፎጣና በኃይላንድ ውሃ አለኝ። ፊቴን፣ አንገቴን፣ እጄን እስከ ክርን እታጠባለሁ። አቧራው ሲወርድ የተሳዳቢውም ነገር አብሮ ይወርድልኛል። ከዛ ነው በር የማንኳኳው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለወንድሞቼ ነው። ብዙ ሹፌር ጉልበት ሲያጣ ወደ ጫት ይሄዳል። ምርቃናው እስካለ ድረስ ዓለም የእኔ ነው ትላለህ። ሲወርድ ግን ከነበርክበትም ታች ያደርስሃል። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይበላም፣ በማግስቱ ደግሞ ያለሱ አይነሳም። እንዲህ እየሆኑ ከቤተሰባቸው የራቁ ልጆች አውቃለሁ። ጉልበት ሰጠን ያልነው ነገር የነገውን እየበላ ነው።

የቁስቋም_እናት

አንች ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ እንዲህ ብለሽ በግልጥ መጠየቅሽ ደስ አለኝ። በኛ ጊዜ ይሄን ሁሉ የያዘልን ቡና ነበር። ጎረቤት ይጠራል። አንዷ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ አንዷ ትቆላለች፣ እጣኑ ይጨሳል። አቦል ላይ ወሬው ስለ ሰው ነው። ቶና ላይ ስለ ኑሮ ይሆናል። በረካ ላይ ሲደርስ ሰው የራሱን ሆድ ያወጣል። ያኔ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትመርቃታለች። ቀለል ብሎን ነበር የምንነሳው።

አሁን ሁሉም በሩን ዘግቶ ስልኩን ያያል። ልጅሽን ይዘሽ ቡና አፍይ። ቆሎውን እሷ ታዙር። ያኔ አንች ባታወሪም እሷ ስታወራ ጎረቤቱ ይመልስላታል። የልጅ ወሬ ሁሉ እናት ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው።

ሲስተር_አራዳ

እማማ፣ የመጨረሻው ሐሳብዎ ከኔ ሁሉ ይበልጣል። እኔ የምጨምረው ስለ ሰዓቱ ብቻ ነው።

ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን የእንቅልፍ መልእክት ነው የሚዘጋው። ድካሙን አያጠፋውም፣ እንዳይሰማን ነው የሚያደርገው። በአማካይ ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማታ 12 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጣችን ነው። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድና ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። የማራኪ ልጅ እንቅልፍ እምቢ ካላት ቡናው ቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ ይሁን። በሥራ ቀን ማታ ግን ጎረቤቱ ይጠራ፣ ጀበናው ይቅር፣ ሻይ ቅጠል የሌለበት የጦስኝ ሻይ ይፈላ።

የቁስቋም_እናት

እኔ አሁንም በረካ ጠጥቼ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው! ጦስኝ ለጉንፋን ነው። ለወሬ ጀበና ያስፈልጋል።

ሲስተር_አራዳ

እውነትዎን ነው፤ ሰው በተፈጥሮው ይለያያል። ካፌይን ቶሎ የሚወጣለት አለ፣ የሚቆይበት አለ። እርስዎ ዕድለኛ ነዎት። ለልጃችን ግን አንድ ሁለት ሳምንት ከቀትር በኋላ ትታው ብታየው እንቅልፏ ራሱ ይነግራታል።

ይሄን ካነሳን ስለ ጾምም ልበል። ሁዳዴ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ራስ ምታትና መነጫነጭ የሚበዛው በረሃብ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ሊያመው ይጀምራል። እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ስኒውን እየቀነሱ መምጣት ይረዳል። በቤት ውስጥ ያለ ቁጣም ይቀንሳል።

ዋርካው

ይቅርታ፣ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሁላችሁም በጎ አስባችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሁለት ሰው ሥራ የምትሠራን ሴት «ተንፍሺ፣ ተራመጂ» ማለት ምን ይፈይዳል? ኪራዩ፣ ዘይቱ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ሳይነሳ? ራስን መንከባከብ የሚባለው ነገር አንዳንዴ ጥፋቱን ሠራተኛው ላይ ይጥላል። የደከምከው ራስህን ስላልተንከባከብክ ነው ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምድብ ላይ «በርንአውት» የሚባለውን ያስቀመጠው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው። በሽታ አላለውም። ምንጩም በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ጫና ነው ብሏል። ጉልበት ማለቅ፣ ሥራውን መሸሽና መማረር፣ የሥራ ውጤት መቀነስ ምልክቶቹ ናቸው። እንግዲህ ምንጩ ሥራ ቦታ ከሆነ መፍትሔውም እዛ ነው። የማራኪ ልጅ፣ አለቃሽን አናግሪ። ግማሽ ቀን ደንበኛ ፊት፣ ግማሽ ቀን የጀርባ ሥራ ላይ ብትቀያየሩስ?

ሲስተር_አራዳ

ዋርካው፣ ያልከው ልክ ነው፤ ደግሜ አነበብኩት። መቀያየሩንም እደግፋለሁ። ግን እስኪስተካከል ድረስ ይቺ ሴት ዛሬ ማታ ቤቷ ትገባለች። ልጅ በር ላይ ትጠብቃታለች። ለዛሬ ማታ የሚሆን ነገርም ያስፈልጋታል። አለቃን ቀርቦ ለማናገር ራሱ ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል እኮ። ያልበረደ ሰው ወይ ይጮኻል፣ ወይ ይተወዋል።

አዲስ_ዓለም

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሱቅ ውስጥ ከሰው ጋር ስከራከር ነው የምውለው። ሶላት ቀኔን ይቆርጥልኛል። ደንበኛ ቢኖርም ሰዓቱ ሲደርስ እነሳለሁ። ዉዱእ ሳደርግ ቀዝቃዛው ውሃ ፊቴን ሲነካኝ ንዴቱ ይቀንሳል። የእምነቱ ነገር ከዚህ በላይ ነው፤ ግን ቀኑን ሳያቋርጡ መዋል ነው ሰውን የሚጨርሰው ለማለት ነው። በሥራ መሀል አምስት ደቂቃ መነሳት የሚከለክል ባንክ ያለ አይመስለኝም።

መቁጠሪያ

ወንድሜ አዲስ ዓለም እውነት ብሏል። በኛም በኩል እንዲሁ ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲባል ሰው ሳያስበው ትንፋሹ ይረዝማል። በ2001 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት ሲያዩት ትንፋሽን ወደ ደቂቃ ስድስት አካባቢ ያወርዳል። ሲስተር የነገሩን ቁጥር ነው። የምንጸልየው ለትንፋሽ ብለን አይደለም፣ ለምሕረት ነው። ነገር ግን አምላክ ሥጋንም ነፍስንም የፈጠረ ስለሆነ ሁለቱም አብረው ቢያርፉ አይገርመኝም።

ቴዎድሮስ_ካምፓስ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ግን ተቃራኒው ነኝ። አልጨነቅም፣ አልናደድም። ዝም ብዬ እተኛለሁ። ክላስ ይቀራል። ጓደኞቼ ሜዳ ሲሄዱ እኔ ዶርም ነኝ። ቤተሰብ ሲደውል «ሰላም ነኝ» ብዬ እዘጋለሁ። ብዙ ተኝቼም ይደክመኛል። ሲስተር፣ እኔስ?

ሲስተር_አራዳ

ወንድሜ፣ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው። አንተ ያለኸው በሌላኛው ጥግ ነው፤ በቀዘቀዘው። ለአንተ ተጨማሪ መተኛት አያዋጣም። እዚህ ቦታ ላይ ስሜት እስኪመጣ ድረስ አይጠበቅም። መጀመሪያ ይደረጋል፣ ስሜቱ ኋላ ይመጣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነስተህ ውጭ ውጣ፤ ሌላ ነገር ማድረግ የለብህም። ደመና ቢሆን እንኳ የውጭ ብርሃን ከዶርም አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሰውነትህን ሰዓት የሚያስተካክለው እሱ ነው። ከአንድ ጓደኛህ ጋር ቁርስ ተቀጣጠር። ሜዳ ሄደህ መጫወት ካልፈለግህ ዳር ቁጭ ብለህ እይ።

አሁን የምጽፈውን ግን ረጋ ብለህ አንብብ። ይሄ ስሜት አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ለሁለት ሳምንት ከቆየ ከራስ እንክብካቤ ያለፈ ነው። ሐኪም ማየት አለበት። መድኃኒትም ምክርም አለው፣ ይድናል። ደግሞ ድካም ሁሉ ከሐሳብ አይደለም። የደም ማነስም የእንቅርት ዕጢ መድከምም እንዲህ ያደርጋሉ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። የማራኪ ልጅ፣ አንቺም ይሄን ብትታዪ ጥሩ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው፤ መሄድ የሚያሳፍር ነገር የለውም። «ብሞትስ» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበል። ዛሬውኑ የቅርብ ሰው ይዘህ ሂድ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ስልኬን አላጠፋም።

አዘዞ_ፒያሳ

የካምፓሱ ወንድሜ፣ በኔ በኩል ከካምፓስ ሆስፒታል መሄጃ መመለሻ ነፃ ነው። የሚያጅብህ ሰው ካጣህም እኔ አለሁ። ቃሌ ነው።

ቴዎድሮስ_ካምፓስ

እግዜር ይስጥልኝ። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ነገ ጠዋት እንሄዳለን። አሁን ነገርኩት። እሱም ገብቶት ነበር አሉ፣ እንዴት እንደሚያነሳብኝ ነው የጨነቀው።

ጎሃ_ሥር

በርታ የኔ ወንድም! እኔ ግን የማራኪ ልጅን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺ። በጻፍሽው ውስጥ አንቺና ልጅሽ ብቻ ናችሁ ያላችሁት። እራት የሚሠራው ማነው? ልብስ የሚያጥበው? ማለቴ፣ ሌላ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ አለ?

የማራኪ_ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልስ የዘገየሁት እያነበብኩ ስለነበር ነው። ጃንተከል ድረስ በእግር መሄዱን ጀምሬዋለሁ፣ ይጠቅማል። ቢያንስ ባጃጅ ውስጥ ስገባ መንጋጋዬ ይላላል። የመቀያየሩን ነገር ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ተነጋግረናል፤ ለአለቃችን አብረን ነው የምናነሳው።

የጎሃ ጥያቄ ግን ሆዴን ነካው። ባለቤቴ ሹፌር ነው። የመተማ መስመር ላይ ጭነት ይሠራል። ሰላም በሆነ ቀን ማታውን ይገባል። አንዳንዴ መንገድ ይዘጋል፣ ያድራል። አንዳንዴ ኔትወርክ የለም። እስኪደውል ድረስ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። አሁን ስጽፈው ነው የታየኝ፤ ቲክቶኩን የምከፍተው ፈልጌው አይደለም። እጄ ስልኩ ላይ መሆን ስላለበት ነው። ድምፁን እስክሰማ ድረስ ቪዲዮው ያልፋል፣ ምን እንዳየሁ አላውቅም። ልጄ ስታወራኝም ጆሮዬ ስልኩ ጋ ነው።

ዋርካው

እህቴ። እግዚአብሔር በሰላም ይመልስልሽ። ይሄማ በፈቃድ እረፍትም አይቀንስም። ፈቃድ ወጥተሽ እንዴት እንዳላረፍሽ አሁን ገባኝ።

ሲስተር_አራዳ

አዎ። ሰውነትሽ ያልበረደበት ዋናው ምክንያት ይሄ ይሆናል። ጭንቀትሽ ደግሞ የእውነት ስለሆነ «አትጨነቂ» አልልሽም። እንዲህ ዓይነቱን ስጋት ማጥፋት አይቻልም፤ ቦታ መስጠት ግን ይቻላል። ከባለቤትሽ ጋር የመደወያ ሰዓት ተስማሙ። ለምሳሌ ማታ 2 ሰዓት፣ ካልሆነለት 4 ሰዓት። ሁለቱም ሰዓት ካለፈ ማንን እንደምትጠይቂ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የሥራ ባልደረባውን፣ የመኪናውን ባለቤት። በመሀል ያለው ጊዜ የልጅሽ ነው። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

የቁስቋም_እናት

አንች ልጄ፣ እኔ የወታደር ሚስት ነበርኩ። መጠበቅን አውቀዋለሁ። ብቻሽን አትጠብቂ። እሱ በሚያድርበት ማታ ጎረቤትሽን ጥሪ፣ አለዚያ አንች ሂጂ። ቡናውን ተይው ካሉ ተይው፤ ሰዉን ግን አትተይ። ለባለቤትሽ እማፀንለታለሁ።

የማራኪ_ልጅ (ክሩን የከፈተች)

አሜን እናቴ። ከጎን የምትኖር ባለቤቷም ሹፌር የሆነ ሴት አለች። ሰላምታ ብቻ ነው የምንለዋወጠው። ነገ አንኳኳለሁ።

ስልኩን ራቅ አድርጌ ማስቀመጡን ሞከርኩት። ግን ቴሌግራሙ፣ የትምህርት ቤቱ ግሩፕ፣ የዕድሩ ግሩፕ፣ ሁሉም ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር እሱ እየመሰለኝ እሮጣለሁ። የእሱ ብቻ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል?

ስልክ_ጥገና

ይቻላል እህቴ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን ፈልጊ። ብዙ ስልክ ላይ ሳውንድ ሥር ነው። ውስጡ «ኮልስ» የሚል አለ፤ እዛ ላይ ኮከብ የተደረገባቸው ሰዎች ብቻ እንዲደውሉ ምረጪ። ከዛ የባለቤትሽን ስም ኮንታክት ውስጥ ከፍተሽ ኮከቧን ንኪ። ማታ ዱ ኖት ዲስተርቡን ስታበሪው ሌላው ሁሉ ዝም ይላል፣ የእሱ ይጮኻል።

የማራኪ_ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ስልኬ የቆየ ቴክኖ ነው፣ ይኖረዋል? ደግሞ የእሱ ባትሪ ሲያልቅ በረዳቱ ወይ በሌላ ሰው ስልክ ነው የሚደውለው። ያ ቁጥር ኮከብ የለውም። ያኔስ?

ስልክ_ጥገና

ቴክኖም አለው፤ ካጣሽው ፒያሳ ስትመጪ ማንኛውም ጥገና ቤት በነፃ ያስተካክልልሻል። ለሌላው ደግሞ እዛው ገጽ ላይ «ሪፒት ኮለርስ» የሚል አለ። እሱን ክፈቺው። አንድ ቁጥር በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ኮከብ ባይኖረውም ይጮኻል። ለባለቤትሽም «በሰው ስልክ ስትደውል ካላነሳሁ ወዲያው ደግመህ ደውል» በይው።